«ዋት ዱ ዩ ቲንክ?» ሲባሉ ዝም እንዳይሉ፦ ጀማሪዎች በእንግሊዝኛ ሐሳባቸውን እንዲናገሩ ማስተማር

ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚኖርበትን ሰፈር በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመልስ ተማሪ አለ። «ዋት ዱ ዩ ቲንክ?» (ምን ይመስልሃል?) ሲባል ግን ዝም ይላል። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጓደኛውን ያያል። በመጨረሻ «የስ፣ ጉድ» ብሎ ይቀመጣል። ሐሳብ ስለሌለው አይደለም። ይኸው ልጅ ከክፍል ወጥቶ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር መከራከር ከጀመረ የሚያስቆመው የለም።

ብዙ ሰው ለዚህ ዝምታ የሚሰጠው ምክንያት የቃላት እጥረት ነው። «ቮካቡላሪ የለውም፣ ግራመሩም ገና ነው፣ አስተያየት መስጠት በኋላ ይደርሳል» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አስተያየት መስጠት ከመጀመሪያው ወር ሊጀመር ይችላል፤ መጀመርም አለበት። ሰው በአዲስ ቋንቋ ስሙን መናገር ከቻለ በኋላ ቶሎ ሊናገር የሚፈልገው የሚወደውንና የማይወደውን ነው። ያንን ለመናገር ሁለት ዓመት ካስጠበቅነው፣ በነዚያ ሁለት ዓመታት ዝም ማለትን ይለምዳል።

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1 የሚሉ ምልክቶችን አይታችሁ ይሆናል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ደረጃዎች ናቸው፤ ኤ1 የጀማሪው ነው፣ ኤ2 እና ቢ1 ከሱ በላይ ይከተላሉ። በዚያ መለኪያ ከሰው ጋር መስማማትና አለመስማማት ገና በኤ2 ላይ አለ። ለአስተያየት አጭር ምክንያት መስጠት ደግሞ በቢ1 ላይ ተቀምጧል። እኔ ምክንያቱንም ወደ ታች አወርደዋለሁ። «ቢኮዝ ኢት ኢዝ ቺፕ» አራት ቃል ነው። ይህን ለማለት ቢ1 መድረስ አያስፈልግም።

ዓረፍተ ነገሩ ከየት ይጀምር?

የአማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ የሚያዝበትን ቦታ ካላወቅን ልንረዳው አንችልም። «ለከተማ ሰው ባቡር ከታክሲ ይሻላል ብዬ አስባለሁ» የሚለውን ውሰዱ። የተናጋሪው አስተያየት መሆኑ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ገና አፉን ሲከፍት «አይ ቲንክ» ይላል። ተማሪው በጭንቅላቱ የያዘውን አማርኛ ከፊት ጀምሮ ሲተረጉም «ፎር ሲቲ ፒፕል፣ ፍሮም ታክሲ…» ይልና ይቆማል። ሁሉም ሰው እያየው ነው። ግሱ ገና አልመጣም። እዚያው ይተወዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «አይ ቲንክ» የሚለውን ግራመር ሳይተነትኑ እንደ አንድ ቃል አፍ ላይ ማስለመድ ነው። ተማሪው ምን እንደሚል ባያውቅም በሱ ይጀምር። እሱን እስኪል ድረስ የሚቀጥለውን ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ያገኛል። በፊደላችን የምጽፈው ለመጠጋት ያህል ነው፤ የ«ቲንክ» የመጀመሪያ ድምፅ በአማርኛ የለም። አንዳንዱ «ሲንክ»፣ አንዳንዱ «ቲንክ» ይላል። ሰሚው ከዓረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ሐሳብ እየወጣ ሳለ ለዚህች ድምፅ ሲባል ተማሪን ማስቆም ኪሳራ ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱ አለ። በአማርኛ «ርካሽ ስለሆነ ታክሲ እመርጣለሁ» ማለት ይቀናናል፤ ምክንያቱ ፊት ይሄዳል። ለጀማሪ ይህን ገልብጦ መናገር ከባድ ነው። ግን አማርኛ ራሱ ሌላ መንገድ አለው፦ «ታክሲ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው።» ይህ ከእንግሊዝኛው ጋር በቅደም ተከተል ይገጥማል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው «በአማርኛ ካሰባችሁ አይቀር በምክንያቱም አስቡ» ብዬ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለብዙዎች ግን «ቢኮዝ» የሚባለው ቃል የሚከፈትላቸው ያን ጊዜ ነው።

ማወዳደር ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይበላሻል። አንደኛው «ከ» ነው። «ከታክሲ» የሚለውን «ፍሮም ታክሲ» ይሉታል። ሁለተኛው «ይሻላል» ነው። «ይሻላል»፣ «ይፈጥናል»፣ «ይጣፍጣል» በአማርኛ ግስ ናቸው፤ አጠገባቸው «ነው» አያስፈልግም። ለዚህ ነው ተማሪው «ትሬን ቤተር» ብሎ «ኢዝ» የምትለውን የሚረሳት። ስንፍና አይደለም፤ ቋንቋው እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንዲያስቀምጥ አላስለመደውም። ሕጉን ደጋግሞ ከማብራራት ይልቅ «ኢዝ ቤተር ዛን» የሚለውን ሦስቱን ቃል አያይዞ ማስለመድ ይሻላል።

አማርኛ የሚያግዝበት ቦታም አለ፤ ይህን አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ አይጠቀሙበትም። እኛ «ጥሩ አይመስለኝም» እንላለን። አፍራሹን የምናስቀምጠው «መምሰል» ላይ ነው። እንግሊዝኛም እንደዚያው «አይ ዶንት ቲንክ ኢት ኢዝ ጉድ» ማለትን ይመርጣል። ግን ተማሪው «አይ ቲንክ» ብቻ ስለተማረ «አይ ቲንክ ኢት ኢዝ ኖት ጉድ» ይላል። ስህተት አይባልም፤ ግን ይጠነክራል። «አይመስለኝም» ማለት «አይ ዶንት ቲንክ» ነው ብሎ መንገር ብቻ ይበቃል። ወዲያው ይይዙታል።

«አይ አም አግሪ» የሚለውን ግን በአማርኛ ላይ ማሳበብ አይቻልም። «እስማማለሁ» ራሱን የቻለ ግስ ነው። ይህ ስህተት የሚመጣው ከእኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «አይ አም ስቱደንት፣ አይ አም ኢትዮጵያን» እያስባልን ስናሳልፍ፣ ተማሪው «አይ» ባለ ቁጥር «አም» መከተል ያለበት ይመስለዋል። ለዚህም ነው «አይ ላይክ»፣ «አይ ቲንክ»፣ «አይ አግሪ» ቶሎ መግባት ያለባቸው።

ስንት አባባል ይብቃ? ቴሌግራም ላይ «አስተያየት ለመስጠት የሚጠቅሙ» እየተባሉ የሚዞሩ ረጃጅም ዝርዝሮች አሉ። ለጀማሪ አይጠቅሙም። ሃያ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ሲያስብ ተራው ያልፋል። «አይ ቲንክ»፣ «አይ ዶንት ቲንክ ሶ»፣ «ቢኮዝ»፣ «አይ አግሪ»፣ «ሜይቢ፣ በት» እና «ዋት አባውት ዩ?» ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃሉ። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል። ጥያቄውን ለሌላው የምትመልሰው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ሁለት ሰው ተራ በተራ መግለጫ ሰጥቶ ይቀመጣል። «አኮርዲንግ ቱ ሚ» የሚለውን ግን ከጅምሩ አታስለምዱ። «እንደ እኔ» ለማለት የተፈለገ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «አኮርዲንግ ቱ»ን የሚጠቀመው የሌላ ሰው ሐሳብ ሲጠቅስ ነው።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«ዋት ዱ ዩ ቲንክ አባውት ኤጁኬሽን?» ብሎ ጀማሪን መጠየቅ ተስፋ ያስቆርጣል። በአማርኛም ቢጠየቅ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ለጀማሪ ጥያቄው ሁለት ምርጫ ይኑረው፤ ስለሚያውቀው ነገርም ይሁን። ሠርግ ትልቅ ይሻላል ወይስ ትንሽ? ሚኒባስ ታክሲ ወይስ ቀላል ባቡር? የአሥር ዓመት ልጅ የራሱ ስልክ ይኑረው ወይስ አይኑረው? የጾም ምግብ ይጣፍጣል ወይስ የፍስክ? እነዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚለው አለው። ምርጫው ጥያቄው ውስጥ ስላለ ደግሞ ተማሪው ቃሉን ከጥያቄው ይወስዳል። እሱ የሚጨምረው ምክንያቱን ብቻ ነው።

እውነተኛ ልዩነት የሌለበትን ጥያቄ ተዉት። «ጤና ይጠቅማል?» ቢባል ሁሉም «የስ» ይላል፤ ወሬው ያልቃል። በሌላ በኩል ፖለቲካን፣ ብሔርንና ሃይማኖትን በዚህ ደረጃ አላነሳም። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሰው መቶ ቃል ብቻ ይዞ ስለሚያም ጉዳይ ሲናገር፣ ካሰበው በላይ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። በአማርኛ የሚያለሰልስበት መንገድ አለው፤ በእንግሊዝኛ ገና የለውም። ጓደኛው የሚሰማው ሻካራውን ነው።

ጊዜ ስጡ

በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የተማሩ ያስታውሳሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው ገና ጥያቄውን እየተረጎመ ነው። ይህን በቴሌቪዥን ላይ ብቻ ማሳበብ ግን ልክ አይሆንም። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ ክፍል ውስጥ በአካል ያሉ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት ለአንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያረዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፤ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ያ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ለሚማሩ ልጆች ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ሦስት ሴኮንድ እንኳ አይበቃም።

እኔ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፍና አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም እላለሁ። በዚያ ደቂቃ ተማሪው ምርጫውን ይወስናል፤ ሁለት ሦስት ቃል ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በአማርኛ ቢጽፍም አልከለክልም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ግን አልፈቅድም፤ ከጻፈ ያነባል እንጂ አይናገርም።

ከዚያ ለክፍሉ ሁሉ ሳይሆን አጠገቡ ላለው ሰው ይናገራል። ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ስልሳ ሰው ፊት ቆሞ መሳሳትና ለአንድ ሰው በቀስታ መሳሳት አንድ አይደሉም። ደግሞም በአንድ ክፍለ ጊዜ ስልሳ ተማሪ ተራ በተራ ቢናገር ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያወሩ ግማሹ ክፍል በአንድ ጊዜ ይናገራል። ይንጫጫል፤ ይንጫጫ።

ዴስኩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ፊት ያሉት ዞረው ከኋላ ካሉት ጋር ያውሩ። በሚቀጥለው ዙር ከጎን ካለው ጋር። ሰው መቀየሩ ቁም ነገር አለው። በኒውዚላንዱ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ፖል ኔሽን በሰፊው ያስተዋወቁት አንድ ዘዴ አለ። ተማሪው ያንኑ ነገር ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ይናገራል፤ መጀመሪያ በ4 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ3፣ ከዚያ በ2። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ በየዙሩ የሚፈልገው ቃል ቶሎ ቶሎ ይመጣለታል። ለጀማሪ 4 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። እኔ በ60፣ በ45 እና በ30 ሴኮንድ አደርገዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ሲንተባተብ የነበረ ሰው በሦስተኛው ላይ ሳያቋርጥ «አይ ቲንክ ስሞል ዌዲንግ ኢዝ ቤተር ቢኮዝ…» ሲል መስማት ያስደስታል። ከ«ስሞል» በፊት «ኤ» የምትለው አርቲክል ጎድላለች፤ ለሌላ ቀን ትቆይ።

ሳይደፍሩ አለመስማማት

ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት ሲወራ ይህ ብዙም አይነሳም። እኛ ሰው የምናከብረው ግሱ ውስጥ ነው። «እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ግን…» ስንል አክብሮቱ ከቃሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። እንግሊዝኛ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። ለአሥር ዓመት ልጅም «ዩ»፣ ለአለቃም «ዩ»። ጨዋ ሆኖ ያደገ ሰው አለቃውን «ዩ» ብሎ መቃወም ራቁቱን የመቆም ያህል ይከብደዋል። ስለዚህ ባይስማማም «የስ፣ የስ» ይላል። ሰሚው ደግሞ የምር የተስማማ ይመስለዋል።

ለተማሪው መንገር ያለብን እንግሊዝኛም አክብሮት እንዳለው ነው፤ ያለበት ቦታ ግን ሌላ ነው። «ዩ አር ሮንግ» ሰውን ይነካል። «አይ ዶንት ቲንክ ሶ» ይለሰልሳል። «ሜይቢ፣ በት ኢት ኢዝ ኤክስፔንሲቭ» ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ትንሽ መስማማት፣ ከዚያ «በት» ብሎ ወደ ራስ ሐሳብ መሄድ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቡና ላይ «እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን…» የምንለው ነገር ነው። ተማሪው ያንን ሲያስተውል ይረጋጋል።

ሌላም አለ። አንዳንዶቻችን «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን። ውጭ አገር ያለ ሰሚ የደነገጥን ወይም ያመመን ይመስለዋል። «የስ፣ አይ አግሪ» ብሎ በድምፅ መናገርን አስለምዱ። ዝምታንም እንደዚሁ። ሰው ሲያስብ «እእእ…» ከሚል «ሌት ሚ ቲንክ» ቢል ሰሚው ይጠብቀዋል፤ ተራውም አይነጠቅም።

ይህ ለውጭ ነዋሪዎች የኑሮ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ያለች እናት ከልጇ አስተማሪ ጋር ስትገናኝ «ዋት ዱ ዩ ቲንክ?» ትባላለች። እዚያ አገር ወላጅ ሐሳብ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ዝም ካለች ምንም ቅሬታ የሌላት ትመስላለች። «አይ ቲንክ ሂ ኒድስ ሄልፕ ዊዝ ሪዲንግ» ማለት ከቻለች ነገሩ ይቀየራል። እንደዚህ ላሉ ሰዎች ስለ ሠርግና ስለ ታክሲ ከማውራት በፊት የሚገጥማቸውን ቦታ መጠየቅ አለብን፦ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የሥራ ስብሰባ። ከዚያ የሚመጡትን ዓረፍተ ነገሮች ይለማመዷቸው።

መቼ እናርም?

ሲናገሩ አታቋርጡ። ይህን ሁሉም ይላል፤ በአስተያየት ጊዜ ግን የተለየ ምክንያት አለው። ተማሪው «አይ ቲንክ ታክሲ ኢዝ ጉድ ቢኮዝ ኢት ፋስት» ይላል። አስተማሪው ለማረም ብሎ «አህ፣ ኢት ኢዝ ፋስት!» ይላል። ተማሪው «የስ» ብሎ ይቀጥላል። እርማት መሆኑን አልሰማም፤ የሰማው ቲቸር እንደተስማማለት ነው። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ የፈረንሳይኛ ክፍሎች ላይ ባወጡት ጥናት አስተማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙት ይህንን አስተካክሎ የመድገም መንገድ ነበር፤ ተማሪዎች ምላሽ የሚሰጡበት ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተማሪው ራሱ እንዲያስተካክል የሚገፋፉት መንገዶች የተሻለ ሠሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ለሐሳቡ መልስ ስጡት። «ሪሊ? በት ታክሲ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ!» በሉት። ሰው እንደሰማው ይወቅ። በጎን ስህተቶቹን ጻፉ። መጨረሻ ላይ ከብዙዎቹ ሁለቱን ብቻ መርጣችሁ፣ የማን እንደሆኑ ሳትናገሩ ሰሌዳ ላይ አውጡና «ምን ይጎድላታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት በቂ ነው። አሥር ከሆነ ማንም አይዝም።

አስተማሪ የሌለው ሰው በስልኩ ድምፁን ይቅዳ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ደቂቃ ዝግጅት፣ ከዚያ 60 ሴኮንድ ንግግር። አይሰርዘው። ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ይድገመው፤ ከአንድ ወር በኋላም ይመለስበት። ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የሚዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢለምዱ ይጠቅማቸዋል። የስፒኪንግ ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ ሦስተኛው ክፍል በሙሉ ሐሳብ መጠየቅ ነው። ፈታኙ የሚለካው ንግግሩ መያያዙን፣ ቃላቱን፣ ግራመሩንና አነጋገሩን ነው። የትኛውን ወገን እንደመረጣችሁ ነጥብ የለውም። ስለዚህ በልብ የምታምኑበትን ሳይሆን ምክንያቱን በእንግሊዝኛ መናገር የምትችሉትን ወገን መምረጥ ይፈቀዳል፤ ለፈተና ብልህነት ነው።

ለትምህርት ቤት አስተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ስፒኪንግ ስትፈትኑ ነጥቡን እንዴት እንደምታካፍሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ ከ10 ሦስቱን ሐሳቡን በግልጽ ለተናገረ፣ ሦስቱን ምክንያት ለሰጠ፣ ሁለቱን የጓደኛውን ሐሳብ ሰምቶ ለመለሰ፣ ሁለቱን ለግራመር እሰጣለሁ። ግራመሩን ስድስት ያደረገ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች አጭርና ትክክል የሆነ ነገር ተናግረው ይቀመጣሉ፤ «ኢት ኢዝ ጉድ» ይሉና ያበቃል።